ጭሮ አደር ዶሮና አዳኞቿ፦ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የመከላከል ጥያቄ ሲዳሰስ

የጥያቄው ወሰን

በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በአካባቢያቸው በተዘረጋው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ዶሮ ከሰሊጥ፣ ከጥጥ፣ ከማሽላና ከከብት ጎን የምትረባ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች እጅ የምትተዳደር፣ በጥቂት ወጪ ተይዛ ፈጥና ወደ ገንዘብ የምትለወጥ የጓሮ ሀብት ናት። የአረባቡ ሥርዓት በኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ የተለመደው የጭሮ አደር አረባብ ነው፤ ይኸውም ዶሮዋ ቀኑን በደጅ፣ በጓሮና በአውድማ ዙሪያ እየጫረች ምግቧን የምትፈልግበት፣ አርቢዋ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥሬ የምትበትንበት፣ ሌሊት ደግሞ ዶሮዋ በሰው መኖሪያ ወይም በአቅራቢያው ባለ ማደሪያ የምታድርበት ሥርዓት ማለት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. ግምት በአገሪቱ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች እንዳሉና ከእነዚህም ከአራት ሦስት እጅ በላይ የሚሆኑት አገር በቀል እንደሆኑ ያመለከተ ሲሆን፣ አገር በቀሎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስለ ጭሮ አደር አረባብ የተጻፉ ጥናቶች አርቢዎች የሚያማርሩባቸውን ችግሮች ሲዘረዝሩ ሁለት ነገሮችን ከፊት ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ፈንግል እየተባለ የሚጠራው የዶሮ ወረርሽኝ፣ ሌላው አዳኝ እንስሳ ነው። ስለ ፈንግል የተደረገው ምርምርም ሆነ የተሰጠው አገልግሎት ብዙ ሲሆን፣ ስለ አዳኝ እንስሳ የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ «የዶሮ ቤት ይሠራ» ከሚለው አያልፍም። ይህ ዳሰሳ ምክሩ ለምን በቂ እንዳልሆነ፣ በተለይም ለቆላው ለምን እንደሚያንስ ይመረምራል። መነሻው ጥያቄው አንድ መስሎ ቢቀርብም በእርግጥ ሁለት መሆኑ ነው፤ የቀን አዳኝና የሌሊት አዳኝ የሚያጠቁት ዕድሜ፣ የሚያደርሱት የጉዳት ዓይነትና የሚመለሱበት ዘዴ የተለያየ በመሆኑ፣ ለአንዱ የተበጀው መከላከያ ለሌላው አይሠራም፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

አመጣጡ፦ ከዛፍ ቅርንጫፍ እስከ ቆጥ

የቤት ዶሮ ቅድመ አያት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች የምትኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የአርኪዮሎጂ ዳሰሳ የቤት ዶሮ መሆኑ የታመነበትን የመጀመሪያ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1650 እና በ1250 መካከል ባለው ጊዜ በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ ያስቀምጠዋል። ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣችበትን ዘመን በተመለከተ ደግሞ ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኙ አጥንቶችን መርምረው፣ ዶሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ዓመት ገደማ በአካባቢው እንደነበረች አሳይተዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አርቢና የዶሮ አዳኝ ትግል ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የዘለቀ ነው ማለት ይቻላል።

የጫካዋ ዶሮ ባሕርይ ለዛሬው ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሌሊት ዛፍ ላይ ታድራለች፤ ነገር ግን እንቁላሏን የምትጥለውና የምትታቀፈው መሬት ላይ ነው፤ ጫጩቶቿም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናታቸው ጋር መሬት ላይ ከማደር ሌላ ምርጫ የላቸውም። ለአካለ መጠን የደረሰችው ዶሮ በከፍታ ራሷን ስትከላከል፣ ታቃፊዋና ጫጩቶቹ ግን በመደበቅና በጸጥታ ካልሆነ በቀር መከላከያ የላቸውም። የገጠሩ ቆጥ፣ ማለትም ዶሮ እንድትሰፍርበት በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚበጀው ርብራብ፣ ይህንኑ ባሕርይ ወደ ቤት ያስገባ ጥንታዊ ብልሃት ነው። በመተማ ቆላም ሙቀቱ ሲበረታ ዶሮዎች ከተዘጋ ማደሪያ ይልቅ ዛፍን፣ አጥርንና የጎጆ ጣሪያን የሚመርጡት ከዚሁ ባሕርይ በመነሣት ነው።

ዘመናዊው የዶሮ ልማት ግን የተጀመረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በአለማያ የእርሻ ኮሌጆች እንደ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ የውጭ ዝርያዎች ሲገቡ የተተኮረው የእንቁላልና የሥጋ ምርትን በማሳደግ ላይ ነበር። በኋላም በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም መሪነትና በካናዳ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የምርታማነትና የገበያ ስኬት ፕሮጀክት መተማን ከአሥሩ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ቢያደርግም፣ ፍሥሐ ሞገስ፣ አዛገ ተገኝና ታደለ ደሴ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት የፕሮጀክቱ የአገር በቀል ዶሮ ጥናት ያተኮረው በቡሬ፣ በፎገራና በዳሌ ላይ ነበር። ስለ ዶሮ ማደሪያ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው በደጋና በወይና ደጋ ልምድ ላይ የቆመው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

አጥቂዎቹ፦ ከሰማይና ከምድር

ዶሮ ራሷ አዳኞቿን በሁለት ትከፍላለች። ክሪስቶፈር ኢቫንስና ፒተር ማርለር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ አዳኝ ቀጭንና የተሳበ ድምፅ፣ ከምድር ለሚመጣው ደግሞ የተቆራረጠና የሚደጋገም ጩኸት እንደሚያሰማ አረጋግጧል። ከተደበቀ ማጉያ የመጀመሪያው ድምፅ ሲለቀቅ ዶሮዎቹ ወደ መጠለያ ሮጠው ያጎነብሳሉ፤ ሁለተኛው ሲለቀቅ አንገታቸውን አስግገው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። አዳኙ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ምላሹ መለየቱ፣ ለሁለቱ አደጋዎች ሁለት የተለያዩ መከላከያዎች በዶሮዋ ተፈጥሮ ውስጥ እንዳሉ ያሳያል።

ከሰማይ ከሚመጡት ዋነኛው ጭልፊት ነው። ቢጫ መንቆር ያለው ጭልፊት በደጅ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሳያርፍ ጫጩት ነጥቆ ይሄዳል፤ ሽክራና ጋባር የሚባሉት ትናንሾቹ ደግሞ ዛፍ ላይ አድፍጠው በድንገት ይወረወራሉ። ትላልቆቹ የንስር ዝርያዎች ያደገችን ዶሮም መውሰድ ይችላሉ፤ ቁራ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ ጫጩት ይወስዳል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ አዳኝ ወፎች በኢትዮጵያ ሰማይ ስለሚከርሙ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህ ወቅት በቆላው እንደ ዕጣን ዛፍ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያራግፉበትና ሣሩ የሚቃጠልበት መሆኑ ችግሩን ያብሰዋል፤ ጭልፊት ከእሳት የሚሸሹ አንበጣዎችን፣ እንሽላሊቶችንና አይጦችን ለመልቀም በጭሱ ዙሪያ ይሰበሰባልና፣ ቃጠሎው ወደ መንደር ሲጠጋ ጭልፊቱም አብሮ ይጠጋል።

ከምድር አዳኞች መካከል ፋሮና አርጃኖ በቀን ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለቱም እንቁላልና ጫጩት ያጠቃሉ። ሸለምጥማጥ፣ የዱር ድመትና ጥርኝ በሌሊት ይመጣሉ፤ በቆላው ቀበሮ እየተባለ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ የዘረ መል ጥናት ራሱን የቻለ የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ መሆኑ የተገለጸው እንስሳ ደግሞ ምሽትና ንጋትን ይመርጣል። እባብና ዘንዶም ወደ ማደሪያ ይገባሉ። እዚህ ላይ በመጠይቅ ላይ ለሚመሠረቱ ጥናቶች አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሸለምጥማጥ የሚለው ስም በአንዱ ቀበሌ ለአንድ እንስሳ፣ በሌላው ለሌላ ድመት መሰል አውሬ ሊውል ስለሚችል፣ ዛፍ የሚወጣውንና የማይወጣውን አጥቂ በአንድ ረድፍ የቆጠረ ጥናት ለዛፍ ላይ ማደር ጥቅምና ጉዳት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የአካባቢው አቀማመጥም ሚና አለው። ስፋቱ ወደ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰውና በሱዳን ከሚገኘው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በቋራ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በካሜራ ወጥመድ አንበሳ መኖሩ የተረጋገጠበትም ስፍራ ነው። ይሁንና አንበሳ የሚገኝበት ጫካ ለዶሮ አርቢ ትልቁ ስጋት ነው ማለት አይደለም። የዶሮ አዳኞች በአብዛኛው መካከለኛና ትናንሽ፣ ያገኙትን የሚበሉ፣ ከእርሻና ከመንደር ጋር ተላምደው የሚኖሩ እንስሳት ናቸው።

የጉዳቱ ልክ፦ ደረጃና መጠን

ስለ ጉዳቱ ያለው ማስረጃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ሊምታቱ አይገባም። የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ አርቢዎች ችግሮቻቸውን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ተጠይቀው የሚገኝ መረጃ ማለት ነው። ሃሊማ ሐሰን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ያሳተመችው ጥናትም ሆነ ከላይ የተጠቀሰው የእነ ፍሥሐ ሥራ በሽታንና አዳኝን ከዋነኞቹ ማነቆዎች ይመድባሉ። ሁለተኛው መጠን ነው፤ ይህም ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ስንቱ በምን ምክንያት እንደጠፋ ከቀን ወደ ቀን ተከታትሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት ከተፈለፈሉ ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት በበሽታና በአዳኝ እንደሚያልቁ ይናገራል፤ ሁለቱን ምክንያቶች ግን በአንድ ያጠቃልላል።

የግምቱን ትርጉም በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት አገር በቀል ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ከአንዱ ዙር 12 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን 10 ጫጩት ብትፈለፍል፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ የሚቀሩት ከአራት እስከ ስድስት ይሆናሉ። የተረፉትም እኩሌታው አውራ ሆነው ለገበያ ወይም ለበዓል ስለሚውሉ፣ የመንጋው ምትክ የሚመጣው ከሁለት ወይም ከሦስት ቄቦች ነው። በዚህ ስሌት ከአንድ ዙር አንዲት ጫጩት ተጨማሪ ማትረፍ የአንዲትን ጎልማሳ ዶሮ ምርት በጥቂት እንቁላል ከማሳደግ የበለጠ ለመንጋው ዕድገት ይጠቅማል።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ተደማሪ ሞትና ተተኪ ሞት የሚሏቸውን ይለያሉ። ተደማሪ ሞት የሚባለው አዳኙ ባይወስዳት ኖሮ በሕይወት ትቆይ የነበረች ጫጩት ስትጠፋ ነው፤ ተተኪ ሞት ደግሞ በበሽታ፣ በጥገኛ ተውሳክ ወይም በረኃብ ልትሞት የቀረበችን ደካማ ጫጩት አዳኙ ቀድሞ ሲወስዳት ነው። አንደኛው ወገን የአዳኝ ጉዳት በአብዛኛው ተደማሪ ስለሆነ በቀጥታ መከላከል ያስፈልጋል ይላል። ሌላው ወገን ከእናቷ ኋላ የቀረችና ድምፅ ሰምታ ፈጥና መሮጥ የተሳናት ጫጩት ብዙ ጊዜ የታመመች በመሆኗ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚመረተውና ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመው አይ-2 የተባለው የፈንግል ክትባት ራሱ በተዘዋዋሪ የአዳኝ መከላከያ ነው ይላል። ሁለቱም አቋሞች በከፊል እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀን በጭልፊት ለምትነጠቅ ጫጩት ሁለተኛው ክርክር ሚዛን ሲደፋ፣ ሌሊት ማደሪያ ሰብሮ ጤነኛውንና በሽተኛውን ለማይለየው አውሬ ግን አይሠራም። ከዚህ ጋር የሚታወስ ሌላ ነጥብ አለ፤ ክትባት በተዳረሰበት መንደር ፈንግል ሲቀንስ አዳኝ በአርቢዎች ምዘና ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህ ግን አዳኙ በዛ ማለት አይደለም። ደረጃን እንደ መጠን ማንበብ የሚያሳስተው በዚህ ቦታ ነው።

የሌሊት መከላከያ፦ ማደሪያና ሙቀት

የሌሊት ጥቃት ከቀኑ የሚለየው በአንድ ጊዜ በሚያደርሰው ጥፋት ነው። ሐንስ ክሩክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት ሥጋ በል እንስሳት ማምለጥ የማይችል ብዙ ታዳኝ ባንድ ላይ ሲያገኙ ከሚበሉት በላይ እንደሚገድሉ አብራርቷል። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ በሰፈረችበት ፈዝዛ ትቆያለች፤ ስለዚህ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ማደሪያ የገባ ሸለምጥማጥ መንጋውን ባንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። በሌሊት ጥበቃ ላይ የሚደረግ ወጪ ከቀኑ ይልቅ በቀላሉ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ዶሮን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር ነው፤ ከአውሬም ሆነ ከሌባ ለመጠበቅ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው። የዚህ ዘዴ ዋጋ የታየው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2016 በገጠር ኢትዮጵያ ላይ ያሳተሙት ጥናት ዶሮ ማርባት ከሕፃናት ቁመት ዕድገት ጋር በበጎ ሲያያዝ፣ ዶሮን ሌሊት በመኖሪያ ቤት ማሳደር ግን ከዕድገት መቀንጨር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን በቀጥታ የሚያረጋግጥ ባይሆንም፣ ከኩስ በሚመጡ ጀርሞች ላይ ካለው እውቀት ጋር ስለሚስማማ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር የነዋሪው ሥር የሰደደ ችግር መሆኑ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። በደቡብ አሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ዶሮ የካላዛርን ጥገኛ ተውሳክ ባትሸከምም አስተላላፊዋን የአሸዋ ዝንብ እንደምትስብ አመልክተዋል፤ በኢትዮጵያ ቆላ ግን የዝንቡ ዝርያ ሌላ ነው፣ መተላለፉም በአብዛኛው ከጥቁር አፈር መሬትና ከግራር ሥር ከማደር ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ድምዳሜውን እንዳለ ማምጣት አይቻልም።

ሁለተኛው አማራጭ ዛፍ ነው። ለሙቀቱ የሚስማማ፣ ቀበሮን፣ ውሻንና ጅብን የሚያርቅ ቢሆንም ዛፍ ለሚወጡት ለሸለምጥማጥና ለዱር ድመት፣ እንዲሁም ለጉጉት ያጋልጣል፤ ታቃፊዋና ጫጩቶቹም ሊጠቀሙበት አይችሉም።

ሦስተኛው ለብቻ የተሠራ የዶሮ ቤት ሲሆን፣ የደጋና የቆላ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ለደጋ የሚመከረው በጭቃ የተመረገና ነፋስ የማያስገባ ቤት ነው። በመተማ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲያልፍ ግድግዳው እስከ ሌሊት ይዞት ይቆያል። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ የሆነችውና ላብ የማታልበው ዶሮ ራሷን የምታቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን ከሰውነቷ በማራቅ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቤት ትጎዳለች፤ ወይም ማታ አልገባም ብላ ወደ ዛፏ ትመለሳለች። ለቆላው የሚስማማው ከአካባቢው በሚገኘው ሽመል የሚሠራ፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ፣ ጎኖቹ አየር የሚያስገቡ ማደሪያ ነው። አየር የሚያስገባው ክፍተት ግን ለእባብና ለሸለምጥማጥም በር ስለሚሆን ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መሸፈን አለበት፤ ዶሮን ከመውጣት የሚከለክለው ሰፊ ቀዳዳ ያለው የተለመደው የዶሮ ሽቦ አውሬን ከመግባት አያግድም። እግሮቹን በቆርቆሮ መጠቅለል ወደ ላይ የሚወጣን እንስሳ ያንሸራትታል። በሽመሉ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተሸሽጎ ሌሊት ደም የሚመጠው የዶሮ መዥገር ግን የዚህ ቤት ድክመት ነውና በየጊዜው ማጽዳትን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንኛውም ዓይነት ቤት የሚጠቅመው በሩ ሳይመሽ ሲዘጋ ነው፤ ይህ ወጪ የሌለው ሥራ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ቤተሰቡ ከማሳ ዘግይቶ ሲመለስ ወይም እዚያው ሲያድር ይጓደላል።

የቀን መከላከያ፦ ጫጩትና ምግቧ

የቀን ጥቃት አንድ አንድ እያለ የሚወስድ በመሆኑ ጥፋቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በሁሉም አካባቢ የሚታወቁት ዘዴዎች ጫጩቶቹን ቅርጫት ደፍቶ ማቆየት፣ እናቲቱን በእግሯ አስሮ ጫጩቶቹ ከአጠገቧ እንዳይርቁ ማድረግና ልጆችን ማስጠበቅ ናቸው። ሰሎሞን ደመቀ በጅማ የሞከረውና በሣር የተሞላ ሳጥን ያለ እሳትና ያለ እናት ጫጩት የሚያሳድገው ዘዴም ጫጩትን በአደገኞቹ ሳምንታት ከደጅ የሚያርቅ ነው፤ ሆኖም የሳጥኑ ዋና ጥቅም ሙቀት መጠበቅ በመሆኑ፣ በቆላው የሚወሰደው ከሣሩ ይልቅ የመለየቱ ሐሳብ ነው።

ጫጩትን ማገድ ከምግብ ጋር ይጋጫል። ጭሮ አደር አረባብ አዋጭ የሆነው ምግቡ ነፃ ስለሆነ ነው፤ በተለይ ለጫጩት የሚያስፈልገው ገንቢ ምግብ የሚገኘው ከነፍሳት፣ ከትልና ከምስጥ ነው። የታገደች ጫጩት የማሽላ ክክ ብቻ ብትሰጣት ከጭልፊት ድና በእድገት ማነስና በበሽታ ልትሞት ትችላለች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። በምዕራብ አፍሪካ የቡርኪና ፋሶና የጋና ገበሬዎች በእበትና በገለባ የተሞላ ሸክላ በምስጥ ኩይሳ ላይ ደፍተው የተሰበሰበውን ምስጥ ለጫጩት ይሰጣሉ። ምስጥ በሞላበት የመተማ ቆላ ይህ ዘዴ የማገድን ወጪ ሊቀንስ የሚችል፣ መሞከርም የሚገባው ነው።

ሳያግዱ መከላከል የሚቻልበት ሌላው መንገድ ከለላ ነው። ቁጥቋጦና ዝቅተኛ ዳስ ለጫጩት ከጭልፊት መሸሸጊያ ይሆናሉ፤ በክረምት እስከ ደጃፍ የሚደርሰው ማሽላም እንዲሁ። ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ፋሮንና የዱር ድመትንም ይሸሽጋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው በጉልበት ከፍታ በአገዳ የተከደነ፣ ጎኖቹ ክፍት የሆኑ፣ በደጁ ላይ በየጥቂት እርምጃው የሚተከል ትንሽ ዳስ ነው፤ ከላይ ይጋርዳል፣ ከጎን ግን አጥቂን አይደብቅም፤ ለቀትሩም ጥላ ይሆናል።

ማስፈራሪያን በተመለከተ ቆርቆሮ ማንጠልጠል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ማሰርና በአንዳንድ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንደሚደረገው ጫጩትን ቀለም መቀባት ይጠቀሳሉ። የሁሉም የጋራ ድክመት መላመድ ነው፤ አዳኙ ነገሩ እንደማይጎዳው ሲረዳ ይንቀዋል። በወንጭፍና በጩኸት የሚጠብቅ ሰው ይህ ድክመት የለበትም፤ የእርሱ ወጪ ጊዜ ነው። የጭልፊት ወቅት ከሰሊጥ አጨዳና ከትምህርት ወራት ጋር ስለሚገጥም የልጆች ጥበቃ ነፃ ነው የሚለው ግምት ከትምህርት ገበታ የቀረውን ልጅ አይቆጥርም።

የዝርያ ክርክር

አንዳንዶች መከላከያው በዶሮዋ ደም ውስጥ ነው ይላሉ። አገር በቀሏ ዶሮ ቀላል፣ በራሪ፣ ንቁና ጫጩቷን ተናክሳ የምትከላከል ናት። አዲስ ጌቱ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ከቋራ፣ ከአለፋና ከታች አርማጭሆ ሦስት ዓይነት አገር በቀል ዶሮዎችን ለይቶ ገልጿል፤ ከእነዚህ አንዷ አንገተ መላጣዋ ስትሆን፣ የላባዋ ማነስ ሙቀትን ለማስወገድ ይረዳታል። በሌላ በኩል እንደ ሳሶ ያሉት ዝርያዎች ከባድ፣ ለመብረር ሰነፍና የማይታቀፉ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እነዚህን ዝርያዎች በስፋት ማሰራጨቱ ክርክሩን አጉልቶታል።

ተቃራኒው አቋም ግን ጠንካራ ነጥብ አለው። የተሻሻሉት ዝርያዎች ለአርቢው የሚደርሱት በአብዛኛው በአሳዳጊዎች ዘንድ ለሳምንታት ተጠብቀው ካደጉና ከተከተቡ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አደገኛው የጫጩትነት ጊዜ ከጓሮው ወጥቶ ወደ አሳዳጊው ተሻግሯል። የቀን ጥቃት በአመዛኙ ጫጩትን የሚመለከት ከሆነ፣ ይህ አሠራር ከየትኛውም ማስፈራሪያ የላቀ መከላከያ ነው። ጉድለቱ የማትታቀፍ ዶሮ ራሷን ስለማትተካ አርቢዋን በየዓመቱ ከሚገዛ ጫጩት ጋር ማቆራኘቱና ከባድ አካሏ ለሌሊት አዳኝ ይበልጥ መጋለጡ ነው። የላባ ቀለምም በክርክሩ ይነሣል፤ ገብስማና ኮክማ ከደረቅ ሣር ጋር ሲመሳሰሉ ነጭ ከሩቅ ትታያለች፤ ገበያው ግን ቀይንና ነጭን ያስበልጣል፣ ጥቁርን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ለገበያ የሚደረገው ምርጫና ለደኅንነት የሚደረገው ምርጫ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊስቡ ይችላሉ።

ማጥፋት ወይስ ማገድ

አዳኙን መግደል ፈጣን መፍትሔ ቢመስልም ሦስት መከራከሪያዎች ይቀርቡበታል። አንደኛው ሕግ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሁለተኛው ውጤታማነት ነው፤ ጓሮው ባልታገደበት ሁኔታ የተገደለው ፋሮ ወይም ሸለምጥማጥ ባዶ የተወውን ክልል ሌላው ይይዘዋል። ሦስተኛው የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ለሰሊጥና ለጥጥ የሚረጨው ፀረ ተባይ በእጅ ባለበት አካባቢ ሥጋን መርዞ መጣል ቀላል ቢሆንም፣ መርዙ ውሻን፣ ጥንብ አንሣን፣ አልፎም ልጅን ሊገድል ይችላል። በአፍሪካ ለጥንብ አንሣዎች መመናመን ዋነኛ ምክንያት እንዲህ ያለ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። የሸለምጥማጥና የጉጉት ዋና ምግብ አይጥ መሆኑም ለማሽላ ጎተራ የሚሰጠውን ጥቅም ያስታውሳል፤ ይህ ጥቅም ግን ለማሳው ባለቤት ሲደርስ ጉዳቱ በዶሮዋ ባለቤት ላይ ስለሚያርፍ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ባልና ሚስት ለአውሬው የሚሰጡት ዋጋ ሊለያይ ይችላል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የክርክሩ ሰፊ ዳራ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሰፈራና በሰሊጥ እርሻ መስፋፋት ምክንያት የቆላው ደን ተመናምኗል። አንዱ መላ ምት የተፈጥሮ ታዳኞቻቸው ያነሱባቸው አዳኞች ወደ መንደር ይገፋሉ ይላል። ሁለተኛው እንደ ነብር ያሉት ትላልቆቹ ሲጠፉ መካከለኞቹ የሚገታቸው አጥተው ይበዛሉ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጫካ ሲርቅ ዛፍና ዋሻ የሚፈልጉት አዳኞች ይቀንሳሉ፣ ቆሻሻና ጥንብ የሚለቅሙት ጭልፊትና ቁራ ግን ከከተማው ጋር ያድጋሉ ይላል። ሦስተኛው ትክክል ከሆነ እንደ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ባሉ ከተሞች ዙሪያ ችግሩ ከሌሊት ወደ ቀን፣ ከምድር ወደ ሰማይ እየዞረ ይሄዳል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው መከላከያም አብሮ ይለወጣል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ከተዳሰሱት አቋሞች መካከል ማስረጃው የሚደግፋቸውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል። ከመኖሪያ ቤት የተለየ፣ አየር የሚያስገባ፣ ሳይመሽ የሚዘጋ ማደሪያ በሌሊት ጥቃትም በሕፃናት ጤናም በኩል ጠንካራ ድጋፍ አለው። ጫጩትን በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለይቶ ማሳደግም የተደገፈ ነው፤ ነገር ግን ገንቢ ምግብ የሚገኝበት መንገድ እስካልታሰበ ድረስ በድሃ ቤተሰብ ዘንድ አይዘልቅም። ክትባት ከሁለቱም ጋር አብሮ ካልሄደ የተጠበቀችው ጫጩት በፈንግል ትሞታለች። ማስፈራሪያዎች ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። መግደልና መመረዝ የሚደግፋቸው ማስረጃ ከሁሉም ያነሰ ነው።

ሳይቋጭ የቀረው ዋናው ነጥብ የቆላው ኪሳራ በወቅት፣ በዕድሜና በአጥቂ ዓይነት ተከፋፍሎ ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምርምር ውድ አይደለም፤ ከጥቂት ቀበሌዎች የተመረጡ ቤተሰቦች ምልክት የተደረገባቸውን ጫጩቶች ከመፈልፈል እስከ ስምንተኛ ሳምንት በየዕለቱ ቢቆጥሩ፣ ግማሾቹ መንጋዎች ተከትበው ግማሾቹ የተለመደውን ይዘው ቢነጻጸሩ፣ የተደማሪና የተተኪ ሞት ክርክር በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ይጠራል። እስከዚያው ድረስ የግብርና ባለሙያ «የዶሮ ቤት ይሠራ» ከማለቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ቤተሰቡ ዶሮዎቹን የሚያጣው ቀን ነው ወይስ ሌሊት፣ ጫጩት ነው ወይስ ጎልማሳ፣ በበጋ ነው ወይስ በክረምት የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ መልስ የሚስማማው ሥራ፣ ወጪና ሠራተኛ የተለያየ ነው።